የይግባኝ ዋስትናው ተፈቅዶ መጠኑ ከአቅም በላይ ሲሆን የት አቤት ይባላል?

መነሻ ጥያቄ

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የመጡትን መልሶች ተራ ቁጥራቸውን ጠብቄ የማሰፍራቸው፣ ነገ ተመሳሳይ ትእዛዝ በእጁ የሚገባ ቤተሰብ አንድ ቦታ ላይ እንዲያገኛቸው ብዬ ነው። የፍርድ ቤቱን ስም አልጠቅስም።

ታላቅ ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው መንገድ፣ ደንገጎ ላይ ከሚኒባስ ጋር ተጋጭቶ አንዲት ተሳፋሪ ሕይወታቸው አለፈ። በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543(2) ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ፤ ሁለት ዓመት ቀላል እስራትም ተፈረደበት። ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ጉዳዩ ያስቀርባል፣ ማለትም ይግባኙ ሊታይ ይገባል ብሎ ዐቃቤ ሕግ መልስ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ወንድሜ በዋስ ሆኖ እንዲከራከር ያቀረብነውንም ማመልከቻ ተቀበለ። ትእዛዙን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ እያነበብን እልል ልንል ነበር። መጨረሻው መስመር ግን 150,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ሲያስይዝ ይለቀቅ ይላል።

በሥር ፍርድ ቤት ሲከራከር የነበረበት ዋስትና 20,000 ብር ነበር። በዚያ ዋስትና አሥራ አራት ቀጠሮ ተመላልሶ አንዱንም አልቀረም፤ ጥፋተኛ የተባለበት ቀን ሳይቀር በራሱ እግር ሄዶ ነው ችሎት የቆመው። የወር ደመወዙ 9,000 ብር ነው። እናታችን የአንገት ወርቋን ሸጣ፣ እኔ እቁቡን ያለ ተራዬ እንዲሰጡኝ ለምኜ፣ ጎረቤትም ያለውን ጨምሮ የተሰበሰበው 62,000 ብር ሆነ። ገንዘቡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ፣ ጎደሎም ቢሆን ይቀበሉኝ እንደሆነ ብዬ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄድኩ። ሠራተኛው አልተቆጣኝም። ትእዛዙን ወደ እኔ አዙሮ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ፤ እስክረዳው ድረስም ጣቱን አላነሣም። ፌስታሉን ደረቴ ላይ ይዤ የከዚራን ሰፈር በእግሬ አቋርጬ ቤቴ ገባሁ።

በጥያቄዬ ላይ ያሰፈርኩት ሐሳብ፣ ሊከፈል የማይችል ዋስትና በተግባር የተከለከለ ዋስትና ነው የሚል ነበር። ለዚህም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19(6) ጠቀስኩ። ከዚያም በመጠኑ ላይ ብቻ ቅሬታ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ፣ ከተቻለም ለየትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ጠየቅሁ።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ሐረር ከሚሠራ ጠበቃ ነው። በትሕትና ጀምሮ፣ ነገር ግን ሳያባብለኝ፣ የጠቀስኩት አንቀጽ እንደማያዋጣኝ አስረዳኝ። አንቀጽ 19 የሚናገረው ስለተያዙ ሰዎች ነው፤ የተከሰሱ ሰዎች እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ደግሞ አንቀጽ 20(3) ላይ ነው። ወንድሜ ግን ጥፋተኛ ተብሎ ተፈርዶበታል። ስለዚህ ከሕገ መንግሥቱ የሚጠቅመን የይግባኝ መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 20(6) ሲሆን፣ የገንዘቡን መጠን በተመለከተ መቆም የሚገባን በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 69 ላይ ነው። አንቀጹ ፍርድ ቤት የዋስትናውን መጠን ሲወስን የክሱን ክብደት፣ ሰውየው ይቀርባል አይቀርብም የሚለውን ግምት፣ በሕዝብ ጸጥታ ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ፣ እንዲሁም የአመልካቹንና የዋሶቹን አቅም እንዲመለከት ያዛል። ጠበቃው እንደጻፈው፣ እኛ ማሳየት ያለብን 150,000 ብር ብዙ ገንዘብ መሆኑን ሳይሆን፣ ችሎቱ ከእነዚህ ነጥቦች የትኛው ሳይቀርብለት መጠኑን እንደወሰነ ነው።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ዳኞቹ እንዲያዝኑልን የሚለምን ማመልከቻ ነበር የጻፍኩት።

2ኛ መልስ

ሁለተኛው አጭር ነው። የድሬዳዋ ነዋሪ የሆነ ሰው፣ የአጎቱ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመሳሳይ ነገር እንደገጠመው፣ ገንዘቡ ባለመገኘቱ እስር ቤት ሆኖ ይግባኙን እንደጠበቀ፣ ቅጣቱ ሲቀነስለት ግን የተቀነሰውን ያህል ጊዜ አስቀድሞ ታስሮ እንደነበረ ጻፈ።

3ኛ መልስ

ከሁሉም በላይ የረዳን ይህ ነው። ጸሐፊዋ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። በእርሳቸው መስኮት ካለፉት የመጠን ቅነሳ ማመልከቻዎች አብዛኞቹ የወደቁት ድሃ ነኝ ከሚለው ቃል በቀር ምንም ማስረጃ ስለሌላቸው እንደሆነ ነገሩን። ዳኛ ቃል ብቻ ይዞ ትእዛዙን አይለውጥም፤ ወረቀት ካየ ግን ለመለወጥ ምክንያት ያገኛል።

ከዚያ የወረቀቶቹን ዓይነት ዘረዘሩ። አንደኛው ከአሠሪው የሚጻፍ የደመወዝ መግለጫ ነው። ሁለተኛው ስንት ቤተሰብ እንደሚያስተዳድርና በምን እንደሚኖር የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ባንክ ካለው የሂሳቡ መግለጫ ይያያዛል፤ ባዶ መሆኑ ማፈሪያ አይደለም፣ ማስረጃ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ከሥር ፍርድ ቤቱ መዝገብ የቀጠሮዎቹ ገጾች ትክክለኛ ግልባጭ እንዲወጣ አጥብቀው መከሩን፤ ምክንያቱም አሥራ አራት ጊዜ መቅረቡን እኛ ስንናገረውና በማኅተም ተረጋግጦ ሲቀርብ ክብደቱ አንድ አይደለም። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፍ፤ ጥያቄውም በአማራጭ ይቅረብ ብለዋል። በመጀመሪያ መጠኑ እንዲቀነስ ይጠየቃል። ይህ የማይሆን ከሆነ ጥሬ ገንዘቡ በደመወዝ ዋስ፣ በቤት ካርታ ወይም በመኪና ሊብሬ እንዲተካ፣ ያም ካልሆነ ከፊሉ በገንዘብ ከፊሉ በዋስ እንዲሆን። በመጨረሻም የግጭቱን ነገር በዚህ ማመልከቻ ውስጥ እንዳንከራከርበት አስጠነቀቁን፤ ያ የይግባኙ ነው። ገንዘብ ስናስይዝ የሚሰጠንን ደረሰኝ እንድንጠብቀው አደራ ብለው ጨረሱ፤ ጉዳዩ ሲዘጋ ገንዘቡ የሚመለሰው በእርሱ ነውና።

እትዬን በስም አላውቃቸውም። እናቴ ግን መልሳቸውን ካነበብኩላት ጊዜ ጀምሮ በጸሎቷ ታነሣቸዋለች።

4ኛ፣ 5ኛ እና 6ኛ መልስ

እዚህ ላይ ውይይቱ ወደ ሕግ ክርክር ገባ። 4ኛውን የጻፈው ሕግ ተማሪ የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 75 አነሣ፤ ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። ወንድሜ ግን ዋስትና ተፈቅዶለታል እንጂ አልተከለከለም፤ ስለዚህ አንቀጹ በመጠን ላይ ቅሬታ ለማቅረብ በር እንደማይከፍት በእርግጠኝነት ደመደመ።

5ኛው መልስ ሰጪ፣ ራሱን የድሬዳዋ ጠበቃ አድርጎ ያስተዋወቀ ሰው፣ በዚህ አልተስማማም። ሕግ የሚነበበው ከዓላማው ጋር ነው፤ 9,000 ብር ደመወዝተኛን 150,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ግንብ እንደ መሥራት ነው ሲል ተከራከረ። ቀጥሎም ስለ ጊዜ ያነሣው ነጥብ ልቤን ነካው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት አመክሮ የሚታሰበው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈጸም ነው፤ ይህም ከሁለት ዓመት ላይ አሥራ ስድስት ወር መሆኑ ነው። ቅጣቱ አጭር በሆነ ጊዜ የይግባኝ ክርክር ከተንጓተተ፣ አሸናፊው ሰው የሚያገኘው ፍርድ ታስሮ የጨረሰውን ጊዜ አይመልስለትም። እኔም በልቤ ያስላሁት ሌላ ሒሳብ ነበር፤ ወንድሜ አንዳች ሳይበላ፣ የቤት ኪራይም ሳይከፍል የአሥራ ስድስት ወር ደመወዙን ቢያስቀምጥ እንኳ 150,000 አይሞላም።

6ኛው ሁለቱንም አርሟል። ክርክራቸው ከመነሻው አንድ ነገር እንደዘለለ አመለከተ፤ ይህን መጠን የወሰነው የሥር ፍርድ ቤት አይደለም፤ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ራሱ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ከመውጣት በፊት ትእዛዙን ወደ ሰጠው ችሎት ተመልሶ በማስረጃ አሻሽሉልኝ ማለት ቀላሉም ፈጣኑም መንገድ ነው፤ እምቢ ከተባለ በኋላ የ5ኛውን መልስ ሐሳብ ይዞ ወደ በላይ መሄድ ይቻላል። ቢሆንም 20 ቀኑ ትእዛዙ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እየተቆጠረ ነው ብለን ብናስብ ይሻላል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ክርክር ከጊዜው ጥያቄ አያልፍምና። ትእዛዙ ከተሰጠ ያን ዕለት ዘጠነኛ ቀናችን ነበር።

7ኛ መልስ

ከሐረር የመጣው የ1ኛው መልስ ጠበቃ ተመልሶ በ6ኛው ሐሳብ ተስማማ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ጨመረ። ትእዛዝ እንዲሻሻል የሚጠይቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንቀጽ 74ን እንደሚጠቅሱ፣ አንቀጹ ግን አዲስ ነገር ሲገለጥ ዋስትናውን የፈቀደው ፍርድ ቤት ሁኔታውን እንደገና እንዲመለከት፣ አዲስ ዋስ እንዲጠራ ወይም ሰውየው ወደ እስር እንዲመለስ ለማዘዝ እንደሚያስችለው አሳሰበ። በግድየለሽነት የከፈትነው በር ዐቃቤ ሕግም ሊገባበት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ማመልከቻው አንቀጽ 69ን ብቻ መሠረት አድርጎ፣ የአቅም ማስረጃው አስቀድሞ ለችሎቱ ሳይቀርብ መቅረቱን በግልጽ አምኖ ይጻፍ ብሎ መከረን። እውነትም አላቀረብንም ነበር፤ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ስለ ደመወዙ አንድም ቃል አልነበረም። ጥፋቱ የእኛም መሆኑን ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

8ኛ እና 9ኛ መልስ

8ኛው አሜሪካ የሚኖር የድሬ ልጅ ነው። የዚያ አገር ሕገ መንግሥት በ1791 በጸደቀው ስምንተኛ ማሻሻያው የተጋነነ ዋስትናን እንደሚከለክል፣ በ1951ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሥራ ሁለት ተከሳሾች ላይ እያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር የተጣለውን ዋስትና ሲመረምር፣ ሰውየው ለመቅረቡ ማረጋገጫ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ መጠን የተጋነነ ነው ማለቱን አካፈለን። 9ኛው ግን ያ ውሳኔ ገና ያልተፈረደባቸውን ተከሳሾች የሚመለከት መሆኑን፣ እዚያም ቢሆን በ1984 ከወጣው ሕግ ወዲህ ተፈርዶበት ይግባኝ ያለ ሰው በዋስ የሚለቀቀው ይግባኙ ፍርዱን ሊያስለውጥ የሚችል ክብደት ያለው ጥያቄ ሲያነሣ መሆኑን ገለጸ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የጻፉት። የእኛ ዳኞች የሚያዩት የእኛን ሕግ ቢሆንም፣ ገንዘቡ የሚያዘው ሰው እንዲቀርብ እንጂ ቅጣት እንዲሆን አይደለም የሚለው ሐሳብ ከአገር አገር አለመለየቱ አበረታታኝ።

10ኛ፣ 11ኛ እና 12ኛ መልስ

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። 10ኛውን የጻፈች ሴት ታናሽ እህቷን በመኪና አደጋ ያጣች ናት። ስለ ወንድሜ ደመወዝ፣ ስለ ቀጠሮውና ስለ እናቴ ወርቅ ይህን ሁሉ ቃል አንብባ፣ ስለሞቱት እናት ግን አንድ መስመር ብቻ ማግኘቷን ጻፈች። እህቷን የገጨው ሹፌር በዋስ ወጥቶ በሰፈሯ ሲያልፍ በየቀኑ ታየው እንደነበር፣ ለእርሷ ያ ዋስትና የሕግ ጉዳይ ሳይሆን በየማለዳው የሚቀደድ ቁስል እንደነበር አስረዳች። የእኛ ቤተሰብ ወደ ሟች ቤት ሄዶ እንደሆነም ጠየቀችኝ።

11ኛው በቁጣ ተናገረ። ሹፌሮች በዚያ ቁልቁለት ሰው እየፈጁ 150,000 ብር በዛ ማለታቸው ድፍረት እንደሆነ፣ ቢቻል 500,000 ሊሆን እንደሚገባ ጻፈ። 12ኛው ደግሞ ይህን ሰው ሕግ የማያውቅ ብሎ ሰደበው። ሁለቱ ተመላልሰው የተባባሉትን እዚህ አላሰፍረውም።

13ኛ መልስ

ይህ የእኔ ነው። ለ11ኛው፣ የሰው ነፍስ ዋጋ በዋስትና ገንዘብ እንደማይለካ፣ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ባለሀብት የገደለው ሰው ርካሽ ይሆን እንደነበር መለስኩለት። ለእህቴ ለ10ኛዋ ግን የመለስኩት ክርክር አልነበረም። ወንድሜ ታስሮ ሳለ አባታችንና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ወደ ሟች ቤት ሄደው እንደነበር፣ በመጀመሪያው ቀን በሩ እንዳልተከፈተላቸው፣ በሁለተኛው ቀን የሟች ታላቅ ልጅ ወጥቶ ውኃ እንደሰጣቸው፣ ሌላ ቃል ግን እንዳልተናገረ ጻፍኩላት። ስለሟች ያሰፈርኩት አንድ መስመር ብቻ መሆኑም ትክክለኛ ወቀሳ ነው። ስለ እርሳቸው የመጻፍ መብት ያለኝ ስላልመሰለኝ ነው ያሳጠርኩት።

14ኛ መልስ

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት የዋስን ወገን ታሪክ አመጡ። የእህታቸው ልጅ ተከሶ ዋስ ሆነውለት ነበር፤ ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ ጠፋ። ፍርድ ቤቱ ጠርቷቸው ልጁን አቅርብ ወይም ገንዘቡን ክፈል አላቸው። የአፎቻ፣ እንደ ዕድር ያለው የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ ባልንጀሮቻቸው ተሰብስበው ከፊሉን ሸፈኑላቸው፤ የቀረውን ከሱቁ እየቀነሱ ከፈሉ። መደርደሪያቸው ግማሹ ባዶ ሆኖ የከረመበትን ጊዜ ሲናገሩ ስለ ልጁ አልከፉም። ያሉት፣ ዳኛ መጠኑን ከፍ የሚያደርገው እንደዚያ ያሉ ልጆችን ስላየ ነው፤ ስለዚህ ዳኛውን ከመውቀስ ይልቅ የአንተ ወንድም ከእነዚያ እንደማይቆጠር አሳየው ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ ምን እየፈረመ እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረው።

በዚህ ምክንያት የደመወዝ ዋስ ልትሆነን ፈቃደኛ የሆነችውን የአክስታችንን ልጅ፣ መምህርቷን፣ ቁጭ አድርገን ወንድሜ አንድ ቀን ቢቀር ምን እንደሚደርስባት ነገርናት። ሰምታ ዝም አለች፤ በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤቷ ቋሚ ሠራተኛ መሆኗን፣ የደመወዟን መጠንና በሌላ ዋስትና አለመያዟን የሚገልጸውን ደብዳቤ ይዛ መጣች።

15ኛ፣ 16ኛ እና 17ኛ መልስ

እነዚህ ሦስቱ ከጉዳዩ ወጣ ብለዋል። ሁለቱ ስለ ደንገጎ ቁልቁለትና በማርሽ ስለመውረድ ተከራከሩ። አንዱ ቅጣቱ ለምን እንዳልተገደበ ጠየቀ፤ የገደብ ጥያቄ ይግባኙ ውስጥ አለ፤ ከመጠኑ ጉዳይ ጋር ግን አይገናኝም።

18ኛ መልስ

ውጤቱን እኔ አሰፈርኩ። ማመልከቻውን በአሥራ ሦስተኛው ቀን አስገባን። የሥር ፍርድ ቤቱን የቀጠሮ ገጾች ግልባጭ፣ የአሠሪውን መግለጫ፣ የቀበሌውን ደብዳቤና የመምህርቷን የዋስትና ደብዳቤ አያያዝን። ዐቃቤ ሕግ አስተያየት ሲጠየቅ ቅጣት የተላለፈበት ሰው የመጥፋት ዕድሉ እንደሚጨምር ተናግሮ ተቃወመ፤ ይህም ባዶ ክርክር አልነበረም። ሰብሳቢው ዳኛ የቀጠሮዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ገለጡ። ወንድሜ ከጥፋተኝነቱ ውሳኔ በኋላም ለቅጣት ቀጠሮ ራሱ መቅረቡን ያረጋገጠው ገጽ ላይ ሲደርሱ ለግራ ዳኛው አሳዩ። መጠኑ ወደ 50,000 ብር ጥሬ ገንዘብና አንድ የደመወዝ ዋስ ተሻሻለ።

ትእዛዙ የተሰጠው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ገንዘቡን በዚያው ፌስታል ይዤ በዚያው መስኮት አስያዝኩ፤ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ደረሰኙን ሰጠኝ። የመፍቻው ደብዳቤ ማረሚያ ቤቱ የደረሰው ግን ሰኞ ስለሆነ፣ ወንድሜ የወጣው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው።

19ኛ እና 20ኛ መልስ

19ኛው ከሐረር የመጣ አዲስ ጥያቄ ነው፤ እኅቱ በእምነት ማጉደል ተፈርዶባት ይግባኝ ላይ ያለች ሰው፣ 80,000 ብር ተጠይቆ ስድስተኛ ቀኑ እንደሆነ ጻፈ። የ3ኛውን መልስ ዝርዝርና የ6ኛውን የቀን አቆጣጠር እንዲያነብ ነገርኩት፤ ከ1ኛው መልስ ጠበቃ ጋርም አገናኘሁት።

20ኛውን የጻፈችው እህቷን ያጣችው ሴት ናት። የቀድሞ ሐሳቧን አልለወጠችም፤ እኔም እንድትለውጠው አልጠበቅሁም። የይግባኙ ክርክር ቀጠሮ ሐምሌ 9 መሆኑን አንብባ፣ ውሳኔው ለወንድሜ ቢሆንም በወንድሜ ላይ ቢሆንም እዚሁ እንድጽፈው ጠይቃኛለች። እጽፋለሁ።